72 ያልኩት 45 ሆኖ ተገኘ

ከሆስፒታሉ መግቢያ አጠገብ፣ በጥበቃዎቹ ክፍል መስኮት ላይ፣ እስክርቢቶ በሲባጎ የታሰረበት አንድ ትልቅ መዝገብ ይቀመጣል። የሠራተኛ መታወቂያ የሌለው ሰው ሁሉ ስሙን፣ የሚሄድበትን ክፍል፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ሳይሞላ አያልፍም። በ2014 ክረምት ከምማርበት ከአሜሪካ ለዕረፍት መጥቼ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአንድ ቀዶ ሐኪምን ሥራ ለመመልከት በሳምንት ሦስት ቀን ስመላለስ፣ ከሁሉ ያሰለቸኝ ይኸው መዝገብ ነበር። ዝናቡ እየወረደ፣ ጃንጥላዬን በአንገቴና በትከሻዬ መሐል አጣብቄ ስጽፍ፣ ሽማግሌው ጥበቃ ከመስኮቱ ወዲያ ሆነው «ባለፈው የወጣህበትን ሰዓት አልሞላህም፤ እኔ ነኝ የሞላሁልህ» ይሉኝ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ያንኑ መዝገብ በስልክ ሳስነብብ ነው ከልቤ ያመሰገንኳቸው።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደጋግማ ስለጠየቀችኝ ነው። የቤተሰቡ የጉዞ ጉዳይ ሲያልቅ ወደ አሜሪካ መጥታ ሕክምና የመማር ሐሳብ አላት፤ ከአሁኑም በአንድ ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ጀምራለች። ጥያቄዋ ሁልጊዜ «ወንድም ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ይበቃል?» የሚል ነው፤ ለማመልከቻው ሐኪም በመከተልና በማገልገል ስንት ሰዓት ማሳለፍ ይበቃል ማለቷ ነው። ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የለኝም። ስለ ሰዓቱ አያያዝ ግን ከራሴ ስሕተት የተማርኩት ስላለ፣ በስልክ ቆርጬ ቆርጬ ከምነግራት ጽፌ ላኖርላት ፈለግሁ።

አገራችን ውስጥ ለሕክምና ትምህርት የሚበቃው ተማሪ በአብዛኛው በ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱና በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው፤ ስንት ቀን ሆስፒታል ቆምክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን በተለመደው አካሄድ መጀመሪያ በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ይያዛል፤ ከዚያ ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ይገባል። ኤምዲ የሚባለውን የሕክምና ዶክተር ዲግሪ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በሚያስተዳድረው አምካስ በሚባለው የጋራ ቅጽ ነው፤ ቴክሳስ የራሷ ቅጽ አላት፣ ዲኦ የሚባለውን ሌላ የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። በአምካስ ቅጽ ውስጥ ለሥራና ለልዩ ልዩ ተሳትፎ የተለየ ክፍል አለ። እስከ 15 ተሳትፎ መመዝገብ የሚቻል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የተጀመረበትና ያበቃበት ወርና ዓመት፣ የሰዓቱ ድምር፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ስምና አድራሻ፣ በተጨማሪም ክፍት ቦታው ሳይቀር ተቆጥሮ ከ700 ሆሄ የማይበልጥ መግለጫ ይሞላል። ከእነዚህ ውስጥ እስከ ሦስት የሚደርሱትን «ከሁሉ የበለጠ ትርጉም የሰጡኝ» ብሎ ለመረጠ አመልካች ለእያንዳንዳቸው 1,325 ሆሄ ይጨመርለታል። የሰዓት ዝቅተኛ መጠን በአገር አቀፍ ደረጃ አልተወሰነም፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ይፈልጋል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ያልሆነን አመልካች እንደማይቀበሉም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

በዚህ ቅጽ ላይ ሐኪምን ተከትሎ ሥራውን መመልከት፣ ማለትም ሻዶዊንግ የሚሉት፣ እና በጎ ፈቃድ አገልግሎት በየራሳቸው ዘርፍ ይገባሉ። ቃሉን ለነርሶቹ ለማስረዳት ስሞክር «ጥላ መሆን ማለት ነው» ብያቸው ነበርና፣ በዚያ ክረምት ስሜ ጠፍቶ «የዶክተሩ ጥላ» ሆንኩ። ዝናብ በጣለ ቁጥርም አንዷ ሲስተር «ዶክተር፣ ጥላዎን ይዘው ውጡ እንጂ» እያለች መላውን ተመላላሽ ክፍል ታስቅብኝ ነበር።

የሠራሁት ስሕተት እንዲህ ነው። ሐምሌ 4 ቀን ሰኞ ጀምሬ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ለስድስት ሳምንት ተመላለስኩ። ማስታወሻ ደብተር ነበረኝ፤ ስለ ሆስፒታሉ የምጽፍበት ግን ስለ ሐሞት ጠጠርና ስለ እንቅርት የሰማሁትን እንጂ የቆየሁበትን ሰዓት አልነበረም። ወደ ትምህርቴ ተመልሼ የማመልከቻውን ረቂቅ መሞከር ስጀምር፣ ስድስት ሳምንት በሦስት ቀን፣ በአራት ሰዓት ሲባዛ 72 ስለሚመጣ፣ ያለምንም ማንገራገር 72 ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ጻፍኩ የሚል ስሜት ከቶ አልነበረኝም፤ እንዲያውም ወደ 75 ወይም ወደ 80 ሳላጠጋጋው በመቅረቴ ራሴን እንደ ጥንቁቅ ሰው ቆጥሬው ነበር።

ጥርጣሬው የመጣው የቴሌግራም መልእክቶቼን ለሌላ ጉዳይ ስፈልግ «ነገ ሥልጠና ስላለብኝ አልገባም» የሚል የሐኪሙን መልእክት ሳገኝ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላም ተመሳሳይ ነበር። በታኅሣሥ 2015 የአክስቴ ልጅ ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ከተማ ስትሄድ፣ እባክሽ በሩ ላይ ያለውን መዝገብ አስፈቅደሽ የእኔን ስም ብቻ እየፈለግሽ አንብቢልኝ አልኳት። ጥበቃው መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርደው፣ ወንበር ሰጥተው፣ አብረዋት ገጹን ገለጡ። ስሜ የተገኘው 14 ጊዜ ነው። ከታቀዱት 18 ቀናት ውስጥ ሁለቱ የሐኪሙ ሥልጠና፣ አንዱ ሆዴን ታምሜ የተኛሁበት፣ የመጨረሻው ደግሞ ነሐሴ 13፣ ቡሄ ነበር። የቡሄ ለት ሙልሙል ልበላ አያቴ ዘንድ መሄዴን እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ የችቦው ፎቶግራፍ እንኳ ስልኬ ውስጥ ነበር።

ከ14ቱ ቀናት በሁለቱ መዝገቡ የሚለው «ገባ 2:30፣ ወጣ 4:00» ነው። ሐኪሙ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተጠርተው እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት ስላልተፈቀደልኝ ወደ ቤት የተመለስኩባቸው ቀናት ናቸው፤ ሁለቱ ተደምረው ሦስት ሰዓት። የቀሩት 12 ቀናት በአራት ሰዓት ሲባዙ 48 ይሆናሉ። ከዚያ ላይ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሻይ ዕረፍት ነበር፤ ስድስት ሰዓት ተቀነሰ። ቀሪው 42፣ ከሦስቱ ጋር 45። የሻይውን ሰዓት መቀነሴ አግባብ ነው አይደለም ብለው የተከራከሩኝ ጓደኞች አሉ፤ ሐኪሙ ስለ ሥራቸው ብዙውን ያጫወቱኝ ሻይ ቤት ውስጥ ነውና ክርክራቸው መሠረት የለውም አልልም። እኔ ግን አንድ ቀን ሐኪሙ ስልክ ተደውሎላቸው ሲጠየቁ፣ ለሳንቡሳና ለሻይ የተቆጠረ ሰዓት እንዲያረጋግጡልኝ አልፈለግሁም። እንግዲህ 72ቱ 45 ሆነ ማለት ነው። ከሲሦ የሚበልጠውን ሰዓት ያልነበርኩበትን እንደነበርኩ አድርጌ ልጽፍ ነበር፤ ለዚህ የዳረገኝም የመዋሸት ፍላጎት ሳይሆን የማባዛት ልማድ ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የሰጠኋት የመጀመሪያ ምክር፣ ዕቅዱን ሳይሆን ውሎውን፣ ያውም በዚያው ቀን፣ ከተቻለ ገና ከግቢው ሳይወጡ መጻፍ ነው። ለዚህ አንድ ተራ ሉክ ደብተር ይበቃል። በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ መያዝም መልካም ነው፤ ሆኖም በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማስታወሻቸውን በስልካቸው በኩል ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጡ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ስላየሁ፣ ወረቀቱ ይቅደም እላለሁ።

የእኛ ሰው ደግሞ ሌላው የማይገጥመው አንድ ጣጣ አለበት፤ እሱም ሰዓታችንና ዘመን አቆጣጠራችን ነው። በዚያ ክረምት ሐምሌ 30 ለነሐሴ 1 አጥቢያ፣ በድንገተኛ ክፍል አስታማሚ የሌላቸውን ሕሙማን አልጋ በመግፋት፣ ካርድ በማውጣትና መድኃኒት ቤት በመላላክ አንድ ሙሉ ሌሊት አገልግያለሁ። ይህን እንኳ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ከ1 እስከ 1» ብዬ ጽፌ ይዤው ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቴ ነው፤ ለማንም ጎጃሜ ግልጽ ነው። በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ሳስገባው፣ ሠንጠረዡ ከ1 ላይ 1 ቀንሶ ዜሮ አለኝ። በሕይወቴ ረጅሙ ሌሊት ዜሮ ሰዓት! ሠንጠረዡን አስተካክዬ 12 ሲልልኝ ደግሞ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ማንቀላፋቴ ትዝ ብሎኝ 10 አደረግሁት።

የጠዋቱ ሰዓትም የራሱን ወጥመድ ዘርግቶ ነበር። «2:30–6:30» የሚለውን እንዳለ ገልብጬው ስለነበር፣ ከወራት በኋላ እዚያው አሜሪካ ሆኜ ሳነበው ለራሴም የከሰዓት በኋላ መሰለኝና በመግለጫው ላይ «የከሰዓት ክሊኒክ» ብዬ ጻፍኩ። ድምሩ አይለወጥም፤ ሐኪሙ ግን ከሰዓት በኋላ ተመላላሽ አያዩም ነበር። ደብተሩ ላይ የአገራችንን ሰዓት ጽፎ ከጎኑ የፈረንጁን ማስቀመጥ፣ ስድስት የመደመርና የመቀነስ ድካም ብቻ ነው።

ዓመቱ ከዚህም ይብሳል። በእኛ 2014 የሠራሁትን እንዳለ «2014» ብዬ ቅጹ ላይ ባሰፍረው ኖሮ፣ አንባቢው በልጅነቴ ቀዶ ሐኪም ስከተል ነበር ብሎ ሊያስብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ 2014 የእነሱ ጁላይና ኦገስት 2022 ነው። ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ ይውላሉ፤ ይህ በየዓመቱ አይለወጥም። የሚለወጠው ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ነው፤ ለምሳሌ 2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነበር፤ የዚያች ቀን መንሸራተትም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ትቆያለች። ቅጹ ወርና ዓመት እንጂ ቀን ስለማይጠይቅ የአንድ ቀን ስሕተት ለማመልከቻ አያሰጋም። ነገር ግን ከሐኪሙ ወይም ከጤና ጣቢያው መዝገብ ጋር ለማመሳከር የተነሣ ሰው፣ ቀኑ አልገጥም ሲለው ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል።

ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ጎዛምን ወረዳ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ እሄድ ነበር። እዚያ የዝሆኔ ሕሙማን እግራቸውን የሚታጠቡበትና አስተጣጠቡን የሚማሩበት ሰዓት ነበረ። ዝሆኔ ስንል ሁለት በሽታ በአንድ ስም እንጠራለን፤ አንዱ በቆላ በትንኝ የሚተላለፈው ነው፤ ሌላው የደጋው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ነው። ይህ ሁለተኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕሙማኑ ግን ይተላለፋል እየተባለ ከማኅበር፣ ከሠርግ፣ ከጋብቻም ሲገለሉ ኖረዋል። ሕክምናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እግሩ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ይነከራል፣ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ያበጠው በፋሻ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ካልሲና ጫማ።

የመጀመሪያ ቀን የደረሱኝ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ገበሬ ነበሩ። ሳፋው ፊት በርከክ ብዬ እግራቸውን ስቀበል እግራቸውን ሰበሰቡት።

«ልጄ፣ እናትህ የሰው እግር እንደምታጥብ ታውቃለች?»

«ታውቃለች አባባ።»

«ምን አለች?»

«ቫዝሊኑን አታሳንስ አለች።»

ሳቁና እግራቸውን ሰጡኝ። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ነበር፤ በየስንጥቁ የገባውን አፈር ለማስለቀቅ ውኃውን ሦስት ጊዜ ለወጥኩ። ሲጨርሱ «እኔን እስከ ዛሬ ያጠበኝ በጸሎተ ሐሙስ ቄሱ ብቻ ነበር» አሉኝ። ያን ለት ከሰዓት በኋላ ደብተሬ ላይ ከሰዓቱ ጎን ይህችን ዓረፍተ ነገር ጻፍኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ 1,325ቱን ሆሄ የሞላሁት ከእሷ ተነሥቼ ነው፤ ስለ ሌሎቹ አሥር ቀናት ደብተሬ «3 ሰዓት» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም፣ እኔም ፊታቸውን እንኳ በቅጡ ማስታወስ አልችልም። የጤና ጣቢያው ሲስተር ሠራተኞቿን በምታስፈርምበት ወረቀት እኔንም ታስፈርመኝ ስለነበር፣ 11 ቀን በሦስት ሰዓት 33 የሚለው ድምር ክርክር አላስነሣም። ጎድሎ የቀረው ከቁጥሩ ጎን መጻፍ የነበረበት ሁለት መስመር ነው።

የትኛው ሰዓት የት ይገባል የሚለው ብዙ ያከራክራል፤ እኔ የያዝኩት እንዲህ ነው። ሐኪሙ አጠገብ ቆሜ ከማየት በቀር ያልሠራሁበት ሰዓት ሻዶዊንግ ነው፤ እጄ ለሕሙም የሠራበት አገልግሎት ነው፤ አንዱ ሰዓት በሁለቱም አይቆጠርም። ጤና ጣቢያው ለመድረስ በባጃጅና በእግር የምፈጀው ጊዜ፣ ጭቃው ምንም ያህል ቢያማርር፣ የትም አይገባም። ወደፊት ሊሠራ የታሰበን ሰዓት ቅጹ ከተሠራው ለይቶ ስለሚጠይቅ እሱን ማደባለቅም አያስፈልግም። እጅ ለሕሙም ይሥራ ስል ግን ልክ አለው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» በሚባልበት ቦታ፣ ከቅንነት የተነሣም ቢሆን «ና ይህችን ስፌት ሞክራት» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። እኔንም አጋጥሞኝ እምቢ ብያለሁ። ያልሠለጠኑበትን ሕክምና በውጭ አገር መሞከር አሜሪካ ውስጥ አመልካቾችን ለሚመርጥ ሰው የሚያስመሰግን ሳይሆን ማመልከቻውን የሚያስጥል ነገር ነው፤ ይህ ባይሆን እንኳ የገበሬው ቆዳ የእኔ መለማመጃ ደብተር አይደለም።

ደብተሩ ላይ የሕሙም ስም፣ የካርድ ቁጥርና ቀበሌ አይጻፍ። ትንሽ ከተማ ውስጥ «የወፍጮ ቤቱ ባለቤት» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም።

የአክስቴ ልጅ ከሁሉ በላይ የምትጨነቀው ስለ ማኅተም ነው። ካገለገለችባቸው ሁለት ቦታዎች ቁጥርና ቀን ያለው፣ ክብ ማኅተምና ቲተር ያረፈበት ደብዳቤ አጽፋ በፕላስቲክ አስለብጣ አስቀምጣለች። በእኛ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት ስላልሆነ አልፈርድባትም፤ ይቀመጥላት። ሆኖም አምካስ ለሰዓት ማስረጃ ደብዳቤ አይቀበልም፤ የሚጠይቀው ቢደወልለት ወይም ኢሜይል ቢጻፍለት የሚመልስ ሰው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ሐኪም ይዛወራል። የእኔው ሐኪም ማመልከቻዬን ባስገባሁበት ጊዜ ሆስፒታሉን ለቀው ስለነበር የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ይዤ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አያገኛቸውም ነበር፤ የግል ስልካቸውን ከነአገር መለያው 251 ይዤ፣ በየስድስት ወሩም እንኳን አደረሰዎ እያልኩ መኖራቸውን አረጋግጥ ነበር። ሁለተኛ፣ ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲል እኛ የአባት ስም እንሞላለን። በዚያ ስም ወደ ሆስፒታል ቢደወል «እንዲህ የሚባል ዶክተር የለም» የሚል መልስ ነው የሚገኘው፤ ሐኪሙን ሁሉ የሚያውቃቸው በራሳቸው ስም ነውና። ስለዚህ በመግለጫው ውስጥ በሙሉ ስማቸው ጠርቻቸዋለሁ፤ ለእሳቸውም «45 ሰዓት ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስሌቱ እንዲህ ነው» ብዬ አስቀድሜ ልኬላቸዋለሁ። የመለሱልኝ «እኔ እኮ ከዚያ በላይ ይመስለኝ ነበር» ብለው ነው። እሳቸውም አባዝተው ነበር።

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ የደብተሯን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። በሁለት ዓምድ የእኛና የፈረንጅ ቀን፣ በሁለት ዓምድ የእኛና የፈረንጅ ሰዓት፣ ከዚያ ድምር፣ ከዚያ ሁለት መስመር ማስታወሻ። በሦስተኛው ረድፍ ላይ «3:00–5:30» ካለች በኋላ ድምሩን 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አድርጋዋለች። ሃያዋ ደቂቃ የት ሄደች ብዬ ደወልኩላት።

«ሲስተር ቡና አፍልታ ነበር» አለችኝ። «እጣኑ ሳይቀር ነው የቀነስኩት።»